ገመዱን ማን ቆረጠው?

ስታርክራፍት የሚጫወት ሰው የምታውቁ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁትና አረፍ በሉ። «የመጀመሪያው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?» በሉት። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ያልቃል፤ ሰውየው ግን ገና ስለ ዜርግ እያወራ ነው። እኛም ይህን ክርክር ለዓመታት ሰምተናል፣ ገብተንም ተከራክረናል። ዛሬ ግን ተጫዋቹ ወገናችን ዋናውን ነገር ትቶ በትንሹ ነገር እየተጣላ ነው ልንል ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ጨዋታው ከምድር ርቆ ሕዋ ውስጥ የሚካሄድ ጦርነት ነው። ከምድር የተሰደዱ ሰዎች አሉ፣ ቴራን ይባላሉ። እንደ አንበጣ መንጋ የሚርመሰመሱት ዜርጎች ናቸው። በሥልጣኔ ሁሉንም የሚበልጡትና በኩራትም የማይታሙት ደግሞ ፕሮቶሶች። ከሦስቱ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ከላይ ሆናችሁ እያያችሁ ማዕድንና ጋዝ ታስቆፍራላችሁ፣ ትገነባላችሁ፣ ጦር ታሰለጥናላችሁ። እንደ ቼዝ ተራ መጠበቅ የለም። እናንተ ስታስቡ ባላጋራችሁ እየሠራ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን በመጋቢት 1998፣ ብሩድ ዋር የተባለውን ተጨማሪ ክፍል በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በሐምሌ 2010 አወጣ። (ይቅርታ፣ ካልነገርናችሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እንግዲህ ጠቡ እዚህ ላይ ይጀምራል። በመጀመሪያው ጨዋታ በአንድ ጊዜ መርጣችሁ ማዘዝ የምትችሉት 12 ወታደር ብቻ ነው። መቶ ቢኖራችሁም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያደረጋችሁ ነው የምታዘምቱት። አዲስ የተወለደ ሠራተኛ ሄዶ እንዲቆፍር በእጃችሁ ካልላካችሁት ቆሞ ያያችኋል። ሁለተኛው ይህን ሁሉ አቀለለው። ጦሩን በሙሉ በአንድ ምርጫ ማዝመት ይቻላል፣ ሠራተኛውም አንዴ መድረሻው ማዕድኑ ላይ ከተመደበለት በራሱ ሥራው ላይ ይሄዳል።

የብሩድ ዋር ሰዎች ታዲያ ጨዋታው ተበላሸ ባዮች ናቸው። ችግሩ ራሱ ነበር ጨዋታው ይላሉ። እውነት አላቸው። እዚያ ውስጥ እጅግ ውዱ ሀብት ማዕድኑ ሳይሆን የተጫዋቹ ትኩረት ነው። ጦር ሜዳውን ባየህ ቁጥር ቤትህ ይቆማል፤ ቤትህን ባየህ ቁጥር ጦርህ ያልቃል። ታላላቆቹ የኮሪያ ተጫዋቾች በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ትእዛዝ የሚሰጡት ጣታቸው ስላሳከካቸው አይደለም። የሁለተኛው ወዳጆች በበኩላቸው ከባላጋራ ጋር ለመዋጋት እንጂ ከማውስ ጋር ለመታገል አልመጣንም ይላሉ። እነሱም እውነት አላቸው። ደግሞ ሁለተኛው ቀላል ነው የሚል ሰው ይሞክረው። ውጊያው እንደ ብልጭታ ነው፤ ዓይንህን ለሦስት ሰከንድ ዘወር ካደረግህ ሃያ ደቂቃ የገነባኸው ሠራዊት አመድ ሆኖ ይጠብቅሃል። በዚህኛውስ ለወዳጆቹም ቅሬታ አንፈርድባቸውም።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ሁለቱንም ወገን ስሙ» ተብለናል፤ ይኸው ሰማን። ሁለቱም ወገን ግን ስለ ወታደር ብዛት ሲጨቃጨቅ ያለፈው አንድ ጉዳይ አለ። ገመዱ።

የመጀመሪያውን ስታርክራፍት ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልግም ነበር። ኮምፒውተሮቹን በገመድ ማገናኘት በቂ ነው። እንዲያውም ኩባንያው ራሱ አንድ ሲዲ የገዛ ሰው በጓደኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ከእሱ ጋር ብቻ የሚጫወቱበት ቅጂ እንዲጭንላቸው ይፈቅድ ነበር። አንዱ ይገዛል፣ ሌላው አብሮ ይጫወታል። ደቡብ ኮሪያ ከ1997ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ በየመንገዱ በተከፈቱት የኮምፒውተር ቤቶች በዚህ ጨዋታ ያበደችው በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ ሰው ከሰው ጎን ተቀምጦ የሚጫወተው መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። እስከ 2009 መጀመሪያ ከተሸጠው ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ያህል ቅጂ ግማሽ ያህሉ እዚያች አገር ነው የተሸጠው።

በ2009 ክረምት ብሊዛርድ ሁለተኛው ጨዋታ ይህ እንደማይኖረው ተናገረ። ከጎንህ ካለው ጓደኛህ ጋር ለመጫወትም በኩባንያው ሰርቨር በኩል ማለፍ ግድ ሆነ። ምክንያቱ የስርቆት ቅጂን መከላከል ነው ተባለ፤ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ቦታ ቢገናኝ ይሻላልም ተባለ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊርማ አሰባስቦ አቤት አለ፤ የሰማው የለም።

ስርቆቱ እውነተኛ ችግር መሆኑን አንክድም። ግን ያን ጊዜ ኩባንያው ከኮሪያ የኢ-ስፖርት ማኅበር ጋር ሌላ ሙግት ነበረበት። ማኅበሩ በ2007 የውድድሮቹን የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ መብት ሸጦ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ ጨዋታው የእኔ ነው፣ መብቱም የእኔ ነው አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ታረቁ። ገመድ ባለበት ጨዋታ ማንም አዳራሽ ተከራይቶ፣ ኮምፒውተር ደርድሮ፣ ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ውድድር ማካሄድ ይችላል። ገመድ በሌለበት ቁልፉ ያለው ባለሰርቨሩ እጅ ነው። ብሊዛርድ ይህንን ብሎ አያውቅም፤ ብዙ ተጫዋቾች ግን ያኔም ጠርጥረዋል፣ እኛም ጥርጣሬያቸውን እንጋራለን።

ውጤቱ በአደባባይ ታየ። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ መድረክ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ተቀምጠዋል። ትእዛዛቸው ግን ሩቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። መስመሩ ሲቋረጥ በተመልካች ፊት ጨዋታው ይቋረጣል። በ2013 በወጣው ክፍል ኩባንያው መፍትሔ አመጣ፤ የተቋረጠ ጨዋታ ከቀረጻው ላይ ካቆመበት እንዲቀጥል አደረገ። ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ማስቀመጥ ይሉናል ይሄ ነው።

እዚህ አገር ላለን ሰዎች ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያ ሰሞን ሰው የሚያስጨንቀው ስንት ነገር ነበረ፤ ጨዋታ የመጨረሻው ነው። ግን ከዚያ ውጪም ቢሆን መስመር ሲደክም የሚሠራው የቱ ጨዋታ እንደሆነ የየሰፈራችን ጌም ቤት ያውቀዋል። ፕሌይስቴሽን ላይ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊፋ ይጫወታሉ፣ ተሸናፊው ይነሳል። የኢንተርኔት ፍጥነት አያሳስባቸውም። ስታርክራፍት ሁለትን ለእንዲህ ያለ ቤት ማምጣት አይቻልም። ኢንተርኔት ሳይኖር ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻህን ልትጫወት ትችል ይሆናል፤ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ግን አትችልም። ጉድ እኮ ነው!

«በነፃ ተሰጥቶህ ምን ትፈልጋለህ?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። እርግጥ ከኅዳር 2017 ጀምሮ ዋናው ክፍል በነፃ ነው። ግን በ2010 ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎችም ተመሳሳይ ሰርቨር ላይ ነው የተንጠለጠሉት። ብሊዛርድ በጥቅምት 2020 ለጨዋታው አዲስ የሚሸጥ ነገር መሥራት እንደሚያቆም አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ወገኖች የማመጣጠኑ ሐሳብ እንኳ በአብዛኛው ከተጫዋቾቹ ከራሳቸው ነው የመጣው። (ፕሮቶስ ተበደለ የሚለው ለቅሶ አልቀረም፤ የሚቀርም አይመስለንም።) በ2023 ማይክሮሶፍት እናት ኩባንያውን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። በእንዲህ ያለ ግዙፍ ቤት ውስጥ አንድ ያረጀ ጨዋታ በየትኛው የሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ እንደሚሰረዝ ማን ያውቃል?

ፍርሃታችን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዩቢሶፍት በ2014 የሸጠውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ ሰርቨሩን በመጋቢት 2024 መጨረሻ ዘጋው፤ የገዙት ሰዎች ጨዋታ አልነሳም አለ። አውሮፓ ውስጥ የተሸጠ ጨዋታ እንዲህ እንዳይገደል ሕግ ይውጣ የሚለው አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያገኘው በዚህ ቁጣ ነው።

ስታርክራፍት ሁለት ገና አልሞተም፤ በ2024ም በ2025ም ሪያድ ላይ በተካሄደው የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ተጫውተውበታል። ስለዚህ ጊዜ አለ። እኛ የምንጠይቀው አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ወታደር፣ ሦስተኛ ክፍልም አይደለም። ሰርቨሩ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት ማሻሻያ ትውጣ፤ ሁለት ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲገናኙ የምታደርግ። የብሩድ ዋሩም የሁለተኛውም ወገን ለዚህች ነገር አብሮ ይፈርም። ስለ 12ቱ ወታደሮች ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን።