ደሞዙን ተወው፣ ጭማሪው ስንት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የሁለት ዓመት የቴክኒክ ዲግሪ የሚሸጥልህ ሰው «ስትመረቅ ይህን ያህል ታገኛለህ» ይልሃል። ሳትማርስ ስንት ታገኝ ነበር? እሱን አይነግርህም። 20,000 ዶላር በ6.53 በመቶ ወለድ ብትበደር፣ ለ10 ዓመት በየወሩ 227 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ። ደሞዝህ ከታክስ በኋላ የጨመረው 200 ብቻ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ተምረህ ከሰርክ። ብታቋርጥ ደግሞ ዕዳው አያቋርጥም።

አይቲቲ ቴክ በ2016 ተዘጋ፤ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲቱን አልቀበልም አሉ። መንግሥት የ208,000 ተበዳሪዎችን 3.9 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ መሰረዙን ያስታወቀው በ2022 ነው። ስድስት ዓመት!

እኛ ሐበሾች ደግሞ ለዲግሪ ሟች ነን። ሰፈርህ ያለው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያንኑ ኔትወርኪንግ በርካሽ እያስተማረ «ስም የለውም» እንላለን። ባይሆን ከመፈረምህ በፊት ክሬዲቱን ይቀበል እንደሆነ ልትዛወርበት ያሰብከውን ዩኒቨርሲቲ ራሱን ጠይቅ። ሻጩን አይደለም።