ማህፀን ከወጣ በኋላ፦ የቤተሰብ አማና

በዚህ ወር ዓምዳችን በብዙ ቤት በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ጉዳይ እናነሳለን። እርሱም ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እናት ወይም እህት ቤቷ ከገባች በኋላ ሊያጋጥማት ስለሚችለው ችግርና ስለ ቤተሰቧ ኃላፊነት ነው።

ማህፀን የሚወጣው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። ማዮማ የሚባለው ዕጢ ደም እያፈሰሰ ሲያስቸግር፣ ማህፀን ከቦታው ሲወርድ፣ ካንሰር ሲገኝ፣ ወይም ምጥ ተራዝሞ ማህፀን ሲቀደድና ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሞች ነፍስ ለማትረፍ ያወጡታል። በከተማችን በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፤ የደንገጎን ዳገት ወጥተው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚሄዱም አሉ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም ሲጠናቀቅ ዘመድ ሁሉ «አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ተገላገለች» ይላል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የውስጡ ቁስል እስኪድን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። አንዳንዱ ችግር ራሱን የሚገልጠውም ሐኪም አጠገቧ በሌለበት በዚሁ ጊዜ ነው።

ሐያእና ዝምታ

ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ሕመምን መደበቅ ግን ሐያእ አይደለም። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) የኪንታሮት ሕመም ነበረባቸው፤ እንዴት እንደሚሰግዱም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ስለማይቆመው ደሟ ጠየቀች። እነርሱ አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ እኛ ዛሬ የምንመራበት መልስ ባልደረሰን ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው እፍረት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። እንግዲህ ለልጇ፣ ለባሏና ለሐኪሟ ሕመሟን የምትናገር ሴት የእነዚያን ደጋግ ሴቶች ፈለግ ተከተለች እንጂ ሐያእ አልጎደላትም።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

ለተወሰኑ ሳምንታት ጥቂት ደም ወይም ቡናማ ፈሳሽ መታየቱ የተለመደ ነው። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ወይም የረጋ ደም የቀላቀለ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የቁስሉ መቅላትና መግል መያዝ የማመርቀዝ ምልክት ነው። በድሬ ሙቀት ትኩሳትን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያስቸግራልና ቤት ውስጥ ቴርሞ ሜትር ይኑር፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ሐኪም ይያት።

አንድ እግሯ ባቷ ላይ ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያማት ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ትንፋሽ ድንገት ያጥራል፣ ደረትንም ይወጋል። ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ነውና አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ሆዷ ተነፍቶ፣ እያስመለሳት፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ካለ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ሽንቷ በብልቷ በኩል ያለፈቃዷ ቢንጠባጠብ ደግሞ የሽንት መተላለፊያው ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና አፍራ ቤት አትቀመጥ። ይህ የሚታከም ነው፤ በሐረር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ።

ከልማዳችን የሚታረም

ማህፀኗ የወጣላትን ሴት እንደ አራስ 40 ቀን አስተኝተን «አትነቃነቂ» የምንላት ከፍቅር የተነሳ ነው። ነገር ግን ደም የሚረጋው በመተኛት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ቀስ እያለች በቤት ውስጥና በግቢ ትራመድ፤ ውሃም ትጠጣ። ከባድ ነገር ማንሳት ግን ቢያንስ ለ6 ሳምንት ክልክል ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እርሱን የሚሸከሙ ልጆች የእናታቸውን ሐቅ እየተወጡ ነው።

የታመመን መጠየቅ ሱና ነው። የታማሚዋን ክፍል የበርጫ ቤት ማድረግ ግን ሱና አይደለም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድንም ያደርቃል፤ ሆዷ ደርቆ ስታምጥ የውስጡ ስፌት ይጎዳል። ፓፓያና ብርቱካን ይዛችሁ ግቡ፤ ዱዓ አድርጋችሁ ቶሎ ውጡ። ጭስ መሞቅና ቅጠል መዘፍዘፍም ቁስሉ እስኪድን ይቅር።

ባሎችም ሐኪሙ መርምሮ እስኪፈቅድ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ይታገሱ። ያለጊዜው መገናኘት የውስጡን ስፌት ሊከፍተው ይችላል።

ሶላትና ደም

ብዙ እህቶች ደም እስኪቆም ብለው ሶላት ይተዋሉ። ማህፀኗ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት የምታየው ደም የቁስል ደም እንጂ ሐይድ አይደለም። ስለዚህ ታጥባ፣ ሞዴስ አድርጋ፣ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ መቆም ካቃታት ተቀምጣ፣ መቀመጥ ካቃታት በጎኗ ተኝታ ትስገድ። የማህፀኑ አንገት የቀረላት ካለች ግን በየወሩ ጥቂት ደም ልታይ ትችላለችና ሐኪሟንም ዓሊሟንም ትጠይቅ። ረመዷን ቢደርስባት በሽተኛ ናትና ታፈጥራለች፤ ስትድን ቀዷ ታወጣለች።

ጎዶሎ አይደለችም

የዕንቁላል ማመንጫዎቹም አብረው ከወጡ የሰውነት መጋል፣ የሌሊት ላብና ሆደ ባሻነት ይመጣል። «የድሬ ሙቀት ነው» ብለን አንለፈው፤ ለሐኪም ይነገር። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ከእንግዲህ ምን ሴት ናት!» የሚለው ወሬ ነው። በተለይ ልጇንም ማህፀኗንም በአንድ ሌሊት ያጣች ወጣት ይህን ስትሰማ ቁስሏ እንደገና ይከፈታል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አልወለዱም፤ ሆኖም ከ2,000 በላይ ሐዲስ አስተላልፈው ታላላቅ ሶሓቦች ይጠይቋቸው የነበሩ ዓሊም ናቸው። የሴት ልጅ ክብር በተቅዋዋ እንጂ በማህፀኗ አይለካም።

ውድ አባቶች፣ ወንድሞችና ልጆች! ከሆስፒታል የመለሳችኋት እናት በእጃችሁ ያለች አማና ናት። በየቀኑ «ትኩሳት አለሽ? እግርሽን ያምሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙ እናቶቻችንና እህቶቻችን ሁሉ ሺፋ ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።