የወል ግጦሽን የሚያድነው የተጠቃሚው ደንብ ነው

በገጠር ገበሬውን ከገበሬው ከሚያጋጩት ጉዳዮች አንዱ የወል ግጦሽ ነው። አንዱ ዳር ዳሩን ያርሳል፤ ሌላው ከብት ያበዛበታል፤ በበጋው ማብቂያ ሣሩ ያልቅና ጉዳቱ የሁሉም ይሆናል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየዓመቱ የሚዳኙት ይህ ጉዳይ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎችንም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ሲሉ ደመደሙ። አንድ ላም የሚጨምር ሰው ጥቅሙን ለብቻው ይወስዳል፤ ጉዳቱን ግን ለሁሉም ያካፍላል። ስለዚህ መፍትሔው መሬቱን ለግለሰቦች ማከፋፈል ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ማዋል ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ።

በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ማስረጃዎችን አነጻጸሩ። በስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር በቶርቤል፣ እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣ ደንብ ማንም ሰው በብርዱ ወራት በራሱ መኖ ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወሉ እንዳያሰማራ ይከለክላል። በስፔን በቫሌንሲያ የመስኖ ውኃ ክርክር የሚታየው ገበሬዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች፣ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ በአደባባይ ነው። ኦስትሮም ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

የጥናቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ሀብቱ ጸንቶ የቆየው ወሰኑና ተጠቃሚው በታወቀበት፣ ተጠቃሚዎቹ ደንቡን በማውጣት በተካፈሉበት፣ ጠባቂው ተጠያቂነቱ ለእነርሱ በሆነበት፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ በተደጋገመ ጥፋት በሚከብድበት፣ ክርክር በቅርብና በአነስተኛ ወጪ በሚፈታበት ስፍራ ነው። መንግሥትም የመደራጀት መብታቸውን ሲያከብርላቸው ሥርዓቱ ይጠነክራል።

ይህ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ መሬት ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ በጥበቃ ይሳተፋል፤ የቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ሲደርስ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን ቄሮ ፈረሰ፤ ቦታውም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። የጓሳ ነዋሪዎች በኋላ እንደገና ተደራጅተው መተዳደሪያ ደንብ አውጥተዋል፤ ቦታውም የሕዝብ ጥበቃ ክልል ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ሊጤኑ ይገባል። የቄሮ መብት በርስትና በዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከሐረጉ ውጭ የሆነውን ያገል ነበር፤ እንዳለ ይመለስ ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በሌላ በኩል አሮጌው ሥርዓት ሲፈርስ ተተኪ ደንብ ካልተበጀ፣ የሁሉም የተባለው መሬት የማንም ያልሆነ መሬት ይሆናል።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ተግባር ደንብ አርቅቆ ማስነበብ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከብት የሌላቸው፣ ሴት አባወራዎችና ወጣቶች ጭምር በተገኙበት ጉባኤ ወሰኑ ተለክቶ ምልክት ሊደረግበት፣ የተጠቃሚው ስም ሊመዘገብ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ሊወሰን፣ ስምምነቱም በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል። ሌላው ቢቀር መሪው ራሱ ደንቡን ሲጥስ እንደማንኛውም አባል የሚቀጣ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ገበሬው ደንቡን የሚያምነው የመሪው በሬ ሲያዝ ሲያይ ነውና።