መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ

ባለፈው ሰሞን ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ከቂሊንጦ ግቢያችን ወጣንና አቃቂ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ግድግዳዋ በሥዕል ተሸፍኗል። የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችንና የሕንድ ሲኒማ ተዋንያንን አንድ ሳንስት በስም ጠራን። ከመካከላችን አንዱ «ከአገራችን የመድረክ ተዋንያን አንዱን እንኳ ከነመድረክ ልብሱ ብታዩት ትለዩታላችሁን?» ቢል ግን ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታው ስላሳፈረን ይህን ጻፍን።

ሠዓሊ ሸራውን፥ ደራሲ መጽሐፉን ትቶ ያልፋል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት የለንደን አታሚዎች፥ ትርፍ ፈልገውም ቢሆን፥ ለዚህ መላ አገኙለት። ተዋናዩን ከነልብሱ፥ ከነሰይፉና ከነአቋቋሙ ቀርጸው ያትሙታል፤ ከሥሩም ስሙንና ሆኖ የተጫወተውን ሰው ስም ይጽፋሉ። ዋጋው ያለ ቀለም አንድ ፔኒ፥ በቀለም ሁለት ፔኒ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1807 ኒው ዮርክ የተወለደው ጥቁሩ ተዋናይ አይራ ኦልድሪጅ በ1833 በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ኦቴሎን ሆኖ ቢጫወት፥ አንዳንድ ጋዜጦች በቆዳው ቀለም ሰደቡት፤ ትርኢቱም ከሁለት ምሽት አላለፈም። እርሱ ግን አውሮፓን እየዞረ ሲጫወት ኖሮ በ1867 በዛሬዋ ፖላንድ፥ በሎድዝ ከተማ ሞተ። የሰደቡትን ሰዎች መልክ ዛሬ ማን ያውቃል? ኦልድሪጅን ግን በታተመው ሥዕሉ ፊት ለፊት እናየዋለን።

ያንኑ ኦቴሎን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ አናግሮታል። ሀገር ፍቅር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም.፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ«ዳዊትና ኦርዮን» ከተከፈተበት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በመድረካችን ስንት ንጉሥ፥ ስንት ባላገር፥ ስንት እብድ ታይቷል! አስናቀች ወርቁ ሴት በመድረክ መቆሟ ብርቅ በነበረበት ዘመን ወጥታ ተጫውታለች። ምን ለብሳ፥ እንዴት ቆማ እንደ ነበር ከእኛ መካከል የሚናገር ማነው?

«ፎቶግራፍ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አለ። ነገር ግን ስም፥ ሚናና ዓመት ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማናውቀው ሰው መልክ ከመሆን አያልፍም። በስልክ የተነሣውም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የለንደኖቹ ትልቁ ብልሃት ከሥዕሉ ሥር ባለችው መሥመር ነበር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በመካከላችን እጃቸው ለሥዕል የተፈታ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ለዚህች መጽሔትም ማባዣ አላት። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ በዚያ የተጫወቱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በአቃቂና በቃሊቲ ጎረቤቶቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። ሄደን እንጠይቃቸው። በየእትሙ አንድ ገጽ ለአንድ ተዋናይ ይሰጥ፤ ከነመድረክ ልብሱ ይሣል፤ ከሥሩ ስሙ፥ ሚናው፥ ተውኔቱ፥ ቦታውና ዓመቱ ይጻፍ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለዚያች ሻይ ቤት ግድግዳ እኛው ወስደን እንለጥፋለን። ሠዓሊ ግን ከእናንተ እንጠብቃለን።