ጠጠር የማስፈንጠር ጨዋታ

በእንግሊዝ አገር ቲድሊዊንክስ ለሚባለው የቤት ውስጥ ጨዋታ በ1888 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) የፈጠራ መብት የጠየቀው ጆዜፍ አሼተን ፊንቸር የተባለ ሰው ነው። ብዙዎች የሕፃናት ማባበያ ነው ብለው ይንቁታል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ተጫዋቹ በእጁ በያዘው ዝርግ ጠጠር የሌላውን ጠጠር ጠርዝ ሲጫነው፣ የተጫነው ተፈናጥሮ በወፍራሙ ምንጣፍ መካከል ወደ ቆመው ኩባያ ይገባል። ቀለሞቹ 4፣ የየቀለሙ ጠጠሮችም 6 ናቸው። ብልሃቱ ያለው ግን ከኩባያው አይደለም፤ ጠጠርዎ በባላጋራዎ ጠጠር ላይ ካረፈ፣ የላዩ እስኪነሣ ድረስ የታችኛው እንደ ታሰረ ይቈያል። እንግዲህ ማግባት ይሻላል ወይስ ማሰር? ይህ ጥያቄ ስለ ማረካቸው የካምብሪጅ ተማሪዎች በ1955 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1958ም የኤዲንብራውን መስፍን የልዑል ፊልጶስን ወኪሎች ገጥመው አሸነፉ።

ጨዋታው ሲያበቃ እናቶች ጠጠሮቹን ቈጥረው ይሰብስቡ፤ ለሚድኸው ሕፃን ጉሮሮ አደገኞች ናቸውና።