ለታማሚው ይነገረው

በጥር 1996 እ.ኤ.አ. የእስራኤሉ ማዕሪቭ ጋዜጣ ያወጣው ዜና ያልደረሰበት የቤተ እስራኤል ቤት አልነበረም። የአገሪቱ የአምቡላንስና የደም ልገሳ ተቋም ማጌን ዳቪድ አዶም የእኛ ሰዎች የለገሱትን ደም ለዓመታት በስውር ሲጥል ኖሯል። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የኤች አይ ቪ ሥጋት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ወጥተው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጮኹ። ክንዱን ዘርግቶ ደሙን የሰጠ፣ ተመስግኖም ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ከጀርባው የሆነውን እንዳያውቅ ተደርጓል። ስለ ገዛ አካሉ ሌሎች ወሰኑ፤ ውሳኔውንም ደበቁት። ከመጣሉ ይልቅ መደበቁ ብዙዎችን አንገበገበ።

ያ ቁጣ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። ለመንግሥት ያወጣነውን መለኪያ ግን ለራሳችን ቤትም ልናውለው ይገባል።

በቅርቡ አጋሚም በተባለው ሰፈር ታመው የተኙ አንዲት እናት ልጠይቅ ገብቼ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ልጆቻቸው እስከዚያ ድረስ በአማርኛ ሲጫወቱ ቆይተው የሐኪሙ ወረቀት ሲነሣ ወደ ዕብራይስጥ ዞሩ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። እናትየዋ ስኒያቸውን አስቀመጡና የልጆቻቸውን ፊት ተራ በተራ አዩ።

«ምን አለ ሐኪሙ?»

«ምንም አይደል እማዬ፣ ጨጓራ ነው። አንቺ መድኃኒትሽን ብቻ ውሰጂ።»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጨጓራ አልነበረም።

ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። እናታቸውን ይወዳሉ፤ ቀንና ሌሊት ያስታምማሉ። ቅስሟ ይሰበራል፣ ተስፋ ትቆርጣለች ብለው ይፈራሉ። ብዙዎቻችን ያደግነውም እንዲህ ሲደረግ እያየን ነው። ነገር ግን ስለ እናትየዋ ሕመም ቤተሰቡ ሁሉ ሲያውቅ እርሳቸው ብቻ እንዳያውቁ ተደርገዋል። በፍቅር የተደረገ መደበቅም መደበቅ ነው።

በሰው ክብር ጉዳይ የአይሁድ እምነት፣ ክርስትናና እስልምና ተቀራራቢ ናቸው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩን እኛ ከኦሪት ተምረናል፤ ክርስቲያኑም ያምንበታል። ቁርአንም አላህ የአደምን ልጆች እንዳከበራቸው ያስተምራል። ይህ ክብር ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ አይወሰድበትም። እንዲያውም ሦስቱም ሃይማኖቶች ሰው ከመሞቱ በፊት ራሱ የሚፈጽመው ሥራ አለው ይላሉ። የቤተ እስራኤል ሰው ቄስ አስጠርቶ ንስሐ ይገባል። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ጠርቶ ይቆርባል። ሙስሊሙም ወሲያ፣ ማለትም ኑዛዜ፣ አለበት፤ ነቢዩ ሙሐመድ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሰው ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር መክረዋል። የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ይነገራል፣ ልጅ ይመረቃል። ሁሉም ታማሚው ካላወቀ የማይሆን ነገር ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ሕመሙ ለሞት እንደሆነ ነግሮት ቤቱን እንዲያደላድል አዞታል። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ጸለየም። 15 ዓመት ተጨመረለት። ሕመሙን ያልነገሩት ሰው ግን ምን ብሎ ይጸልያል?

እርግጥ ነው፣ እውነትን እንደ ድንጋይ መወርወር አይገባም። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሹልሐን ዓሩኽ ሞት የቀረበውን ሰው ስለ ኃጢአት ኑዛዜ ስታነጋግሩት ተናዝዘው የዳኑ ብዙዎች እንዳሉ እየነገራችሁ አጽናኑት ይላል። ይህ ጥበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መርዶ እንኳ በአገራችን ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። የሞትን ዜና በሥርዓት መንገር የሚችል ሕዝብ የሕመምንም ዜና መንገር አያቅተውም።

ሕጉም ከታማሚው ጋር ነው። በዚያው በ1996 በእስራኤል የወጣው የታማሚዎች መብት ሕግ ሐኪም ለታማሚው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። ሐኪሙ መረጃ መደበቅ የሚችለው መናገሩ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያረጋግጥ ነው። በ2005 የወጣው ሕግ ደግሞ ሰው በሕይወቱ መጨረሻ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ አስቀድሞ እንዲጽፍ ወይም ተወካይ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ይህን ሕግ ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመሩት ሐኪምና ረቢ አብርሃም ሽታይንበርግ ናቸው። በጥቅምት 2019 የአይሁድ፣ የክርስትናና የእስልምና ተወካዮች ቫቲካን ውስጥ የፈረሙት የጋራ ሰነድም ሐሳቡ የመነጨው ከእርሳቸው ነው። ሰነዱ የታማሚን ሕይወት ሆን ብሎ ማሳጠርን ይቃወማል፤ ስቃይን የሚያስታግስ ሕክምናና እንክብካቤ ለሁሉም እንዲዳረስ ይጠይቃል። ምን እንደታመመች የማታውቅ እናት ግን እንዲህ ያለውን ሕክምና መምረጥ አትችልም።

ቋንቋውስ? በ2012 መጨረሻ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌ ለሴቶቻችን እንዴት እንደተሰጠ በቴሌቪዥን ሲጋለጥ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ መዘዙን ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አስተርጓሚ እንዲገባ በጥር 2013 አዘዙ። አስተርጓሚ የማግኘት መብቱ ስላለን እንጠቀምበት። ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቅ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአያቱ የካንሰርን ዜና እንዲተረጉም አይደረግ፤ ለልጁም ለአያቲቱም ጭካኔ ነው።

ልጆች፣ ወደ ሐኪም ከመግባታችሁ በፊት ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ «ሐኪሙ የሚለውን ራሳችሁ መስማት ትፈልጋላችሁ ወይስ ለማን ይነገር?» በሏቸው። «ለታላቁ ልጄ ንገሩት፣ እኔ አልሰማም» ካሉ ውሳኔው የእነርሱ ነውና ይከበር። ልስማ ካሉ ግን ይነገራቸው። ቄሶቻችንም በሲናጎግ ይህን አስተምሩ፤ ሰው ሲታመም የምትጠሩን ገና መናገር ሲችል ይሁን እንጂ ምላሱ ከተያዘ በኋላ አይሁን በሉን። ሕመሙ የታማሚው ነው፤ ስለ ሕመሙ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እርሱ መሆን አለበት።