ቡናማ እባብን በፎቶግራፍ መለየት፦ ቀለም ምን ያህል ይመሰክራል?

በመስክ ላይ የታየን እባብ ፎቶግራፍ ማንሳት ቀላል በሆነበት በዚህ ዘመን፣ «ቡናማ ነውና መርዘኛ ነው» የሚል ፍርድ ለመስጠት አንድ ምስል በቂ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ቀለም ከእባብ መለያዎች ሁሉ እጅግ ደካማ ከሆኑት አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ የሚገኙ ሁለት እባቦች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አንደኛው ኤኪስ ፒራሚደም የተባለው እፉኝት ሲሆን፣ መርዙ የደምን የመርጋት ሂደት በማዛባት ለከባድ መድማት ይዳርጋል። ሁለተኛው በዳሲፔልቲስ ወገን የሚመደበው፣ የወፍ እንቁላል የሚመገበው መርዝ አልባ እባብ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው ቡናማ ሲሆኑ በጀርባቸው ላይ ተቀራራቢ ነጠብጣብ ይታያል። ሲደነግጡም ተጠቅልለው የጎን ቅርፊቶቻቸውን እርስ በርስ በማፋተግ የሚያንሿሿ ድምፅ ያሰማሉ። የዓይናቸው ብሌን እንኳ በሁለቱም ዘንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ስለሆነ፣ «ብሌኑ የቆመ እባብ መርዘኛ ነው» የሚለው የተለመደ መመሪያ እዚህ ላይ አይሠራም።

አስተማማኙ ልዩነት ያለው በአናታቸው ላይ ነው። የእፉኝቱ አናት በብዙ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ የእንቁላል በሉ ግን በጥቂት ትልልቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ከጅራታቸው ሥር ያሉት ቅርፊቶችም በእፉኝቱ ነጠላ፣ በእንቁላል በሉ ጥንድ ናቸው። እነዚህን የማያሳይ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው ጥያቄውን አይመልስም። መለያው የሚያገለግለውም እነዚህን ሁለቱን ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ መርዘኛው ኮብራም በአናቱ ላይ ትልልቅ ቅርፊቶች አሉትና።

ጉዳዩ የስያሜ ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላዎች የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእባብ ይነደፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ተርታ መድቧል፤ በ2019 ባወጣው ስልትም ሞትንና የአካል ጉዳትን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ አቅዷል። የመርዝ ማርከሻ ግን ለሁሉም እባብ እኩል አይሠራም፤ በሕንድ የኤኪስ መርዝ የተዘጋጀ ማርከሻ በአፍሪካ የኤኪስ ዝርያዎች ላይ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። የትኛው ዝርያ የት እንደሚኖር የሚያሳየው መዝገብ ከተሳሳተ፣ የማርከሻ ምርጫም አብሮ ይሳሳታል።

ይህ ሲባል ፎቶግራፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እባብን ከመያዝ ወይም ከመግደል ይልቅ ከርቀት ማንሳት ለተመራማሪውም ለእባቡም ይበጃል። የተነደፈ ሰው ግን ምስል ፍለጋ ጊዜ ሊያባክን አይገባም፤ ሕክምናው በሚታዩት ምልክቶች ተመርቶ ሊጀመር ይችላል። ከተመራማሪ የሚጠበቀው ከምስሉ ጋር ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና በግልጽ የታዩትን መለያዎች መመዝገብ ነው። መለያዎቹ ካልታዩም «ዝርያው አልተለየም» ብሎ መጻፍ ይገባዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ በግምት ከተሰጠ የዝርያ ስም ይልቅ ለሳይንስም ለታካሚም ይጠቅማል።